የሚቀጥለው ውሃ የት ነው?
ከሐሙሲት ጎንደር በኤሌክትሪክ መኪና



በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር እናታችንን ለዓይን ሕክምና ከሐሙሲት ወደ ጎንደር ወስደናት ነበር። ደርሶ መልሱ 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሚኒባስ ሄደን ቢሆን ኖሮ ስለዚህ ጉዞ የሚጻፍ ብዙ ነገር ባልተገኘ ነበር። እኛ ግን የሄድነው ወንድሜ በገዛት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በመሆኑም ከመነሳታችን በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዘን ስንደምርና ስንቀንስ አመሸን። በመንገድም ላይ ዓይናችን ከአስፋልቱ ይልቅ በባትሪው ቁጥር ላይ ተተክሎ ዋለ። በመጨረሻም ያሰብንበት ቦታ ሳይሆን ባትሪው ያደረሰን ቦታ አደርን።

ዛሬ እንዲህ ያሉ መኪኖች ወደ ብዙ ቤተሰብ እየገቡ ነው። ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ፣ በዒድ ወላጅን መዘየር አለ። ስለዚህ እኛ ያየነውን መንገር ለሌላው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

ሐሙሲትና ሰፈሯ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ዓባይን ይሻገራል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ከዚያ ወደ 33 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ በደራ ወረዳ ውስጥ ሐሙሲትን ያገኛል። ስሟ እንደሚናገረው የሐሙስ ገበያ ቦታ ናት። በስተምዕራቧ ጣና፣ በስተምሥራቋ ከፍ እያለ የሚሄደው የደቡብ ጎንደር ደጋ አለ። የገጠሩ ሰው እህሉን፣ ከብቱንና ዶሮውን ይዞ ይወርድባታል፤ ጨው፣ ልብስና ሳሙና ይዞ ይመለሳል።

ከሐሙሲት አልፎ የጉማራን ወንዝ የተሻገረ ሰው የፎገራ ሜዳ ይቀበለዋል። ሜዳው ከጣና ዳርቻ ተነስቶ እስከ ወረታና ከዚያም ወዲያ ይዘረጋል። ጉማራና ርብ በክረምት ሞልተው ሲወጡበት ባሕር ይመስላል። ቀድሞ የሚታወቀው በፎገራ ከብት ነበር። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን አስተዋወቁበት፤ እነሆ ዛሬ ያ ውሃ የሚተኛበት መሬት የአገሪቱ ዋና የሩዝ አብቃይ ሆኗል። የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ይገኛል። ባዕድ የነበረው እህል ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኖ በየቤቱ ይጋገራል።

እኔ የማስተምረው ወረታ ነው። እናታችን ሐሙሲት ትኖራለች። ወንድሜ ደግሞ ባሕር ዳር በሹፍርና ይተዳደራል። ሦስታችንም በ60 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነን ማለት ነው።

መኪናዋ እንዴት መጣች?

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከበርካታ ቀረጥና ታክስ ነፃ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱ ተነገረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አገሪቱ ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ ኤሌክትሪኩን ግን ከራሷ ወንዞች ታመነጫለች። ወንድሜም ለቤንዚን ሰልፍ መቆም ሲሰለቸው አሮጌ መኪናውን ሸጠ፤ ተበደረና ይህችን ቻይና ሠራሽ ትንሽ መኪና ገዛ።

በከተማ ውስጥ እጅግ ተስማምታዋለች። ማታ ግቢው ውስጥ ከሶኬት ይሰካታል፤ ጠዋት ሞልታ ያገኛታል። ዘይት መቀየር የለ፣ ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ። ችግሩ የሚጀምረው ከከተማ ሲወጣ ነው።

በእርሳስ የተጓዝነው ጉዞ

የእናታችን ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት ጎንደር ነበር። እኔ ረቡዕ ከሥራ በኋላ ሐሙሲት ገባሁ። ወንድሜም ከባሕር ዳር መጣ። ከእራት በኋላ ሒሳቡን ጀመርን።

የመኪናዋ ባትሪ 38 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። የሻጩ ወረቀት በአንድ ሙሌት 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። ዳሩ ግን ያ ቁጥር የሚገኘው በመለኪያ ክፍል ውስጥ በዝግታና በቀላል ጭነት ተሞክሮ ነው። ወንድሜ ራሱ ለወራት እየመዘገበ ባገኘው መሠረት ከከተማ ውጭ ሰው ጭና በ100 ኪሎ ሜትር 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ትበላለች። 38ን በዚህ ስናካፍለው እውነተኛ አቅሟ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ 10 በመቶ ለመጠባበቂያ ሲቀመጥ 240 ይቀራል።

ከሐሙሲት ጎንደር 145 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልሱ 290 ይሆናል። ስለዚህ 50 ኪሎ ሜትር ይጎድለናል፤ ይህም ወደ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

7 ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? መልሱ የሚገኘው በምን እንደሚሞላ ሲታወቅ ነው። ተራው የቤት ሶኬት በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ ሦስት ሰዓት ተኩል ያስጠብቃል። ፈጣን የሚባለው ቻርጀር ግን ኤሌክትሪኩን ለባትሪው በሚስማማው መልክ ለውጦ በቀጥታ ያስገባዋል። ለእኛዋ ትንሽ መኪና እንኳ 30 ኪሎ ዋት ቢሰጣት በሩብ ሰዓት ይበቃታል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በአንደኛው ቡና ሳይፈላ ትነሳለህ፣ በሌላኛው ግማሽ ቀንህ ይሄዳል።

እኛም እንዲህ አቀድን፦ ሌሊቱን ሐሙሲት ላይ ትሞላለች። ጎንደር ስንደርስ ፈጣን ቻርጀር አለ ወደተባልነው ቦታ ወንድሜ ይወስዳታል። ያ ባይሳካ እናታችን ሐኪም ዘንድ ስትቆይ የሆነ ግቢ ውስጥ ከሶኬት ትሰካለች። ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐሙሲት እንመለሳለን። ይህን የመጨረሻውን ነገር በጥቁር አሰመርንበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል፤ በማታ መጓዝ የሚደፈር አልነበረም።

እናታችን አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ስታዳምጠን ቆየችና፦

«ልጆቼ፣ ይህች መኪናችሁ ውሃዋን የምትጠጣው የት የት ነው?» አለችን።

ወንድሜ ሳቀና «እማዬ፣ ውሃ እኮ አትጠጣም» አላት።

«ገብቶኛል፤ መብራት ነው የምትጠጣው። እኔ የምጠይቀው የትኛው ሰፈር እንደምታጠጧት ነው። አባቴ ከመነሳቱ በፊት የሚቆጥረው መንገዱን አልነበረም፤ ውሃውንና ሣሩን ነበር።»

አያታችን ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። በአህያና በበቅሎ ከጎንደር እስከ ጎጃም ይመላለሱ ነበር። እናታችን እንዳጫወተችን መንገዳቸው በቀን አይለካም፤ በማደሪያ ነው የሚለካው። ከዚህ ማደሪያ እስከዚያ ማደሪያ ከብቱ ይችላል ወይ? እዚያስ ውሃው በዚህ ወር አለ ወይስ ደርቋል? ይህን የሚነግራቸው ከዚያ በኩል የመጣ ነጋዴ ነው። ከዚያ በኩል የመጣ ሰው ካልተገኘ ደግሞ ከብቱን እስኪጠግብ አጠጥተው ነው የሚነሱት።

ይህን እያወራችን ሳለ ነጎድጓድ ተሰማ፤ የግንቦት ዝናብ ጣሪያውን መታው። ወዲያው መብራት ሄደ። መኪናዋ በ88 በመቶ ገብታ 91 ላይ ቆመች። እስከ ሱብሒ መብራት አልመጣም።

የሐሙስ መንገድ

ሱብሒ ሰግደን ስንነሳ ገበያተኛው ከየአቅጣጫው መምጣት ጀምሮ ነበር። ጭቃውን የሚረግጡ አህዮች፣ ቅርጫት የተሸከሙ ሴቶች፣ በግ የሚጎትቱ ልጆች በጭጋጉ ውስጥ ይታያሉ። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት ከኋላቸው ስንደርስ አይሰሙንም። ወንድሜ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በቃሉ እየጮኸ ያሳልፋቸው ነበር።

ጉማራን ተሻግረን ሜዳው ላይ ስንወጣ ፀሐይ ወጣች። ገበሬው ለሩዝ መሬቱን እያረሰ ነበር። ሜዳ ለኤሌክትሪክ መኪና ምቹ ነው፤ ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ። ወረታን በ25 ኪሎ ሜትር አገኘናት። እዚህ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንደኛው ወደ ቀኝ ታጥፎ ቻይናውያን በሠሩት መንገድ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ ይገባል። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ጎንደር ይሄዳል።

ርብን እንደተሻገርን የይፋግ አካባቢ ነው። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን ስመ ጥር ገበያና የቀረጥ በር ነበረች። በአቅራቢያዋ ያለችው ደሪጣ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ከምጽዋና ከመተማ የመጣ ዕቃ፣ ከጎጃምና ከዓባይ ማዶ የመጣ ቡናና ሰም በዚህ መስመር ያልፍ ነበር። ነጋዴዎቹ እዚህ የሰፈሩት እንዲሁ አይደለም። ወንዝ አለ፣ ሣር አለ፣ ገበያ አለ። እናታችን «አባቴ ይህን ቦታ ሲያነሳ ፊቱ ይበራ ነበር» አለች። ዓይኗ ግን ሜዳውን አጥርቶ አያይም ነበር።

ከአዲስ ዘመን በኋላ መንገዱ ወደ ተራራው ይወጣል። የባትሪው ቁጥር እንደ ሰዓት ቆጣሪ መውረድ ጀመረ፤ ወንድሜም ዝም አለ። እኔ ግን ሒሳቡን አስቀድሜ ሠርቼው ስለነበር አልደነገጥኩም። ከጣና ዳር እስከ ጎንደር ከፍታው 350 ሜትር ያህል ይጨምራል። 1,700 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪናና ሰው ይህን ያህል ሽቅብ ለማንሳት የሚያስፈልገው ኃይል 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከባትሪው 4 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር ሆኖ ከፊሉን ይመልሳል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ግን የዓባይ በረሃ ሌላ ነገር ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,300 ሜትር በላይ መውጣት አለበት፤ ሁለት ቶን ለሚመዝን መኪና ይህ ብቻውን 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። ይህን ሳያስብ ጎሐ ጽዮንን በትንሽ ባትሪ የሚያልፍ ሰው በረሃው ውስጥ ሊቀር ይችላል።

የጉዛራን ግንብ ከኮረብታው ላይ እያየን እንፍራዝን አለፍን። ከዚያ ማክሰኝት፣ ጠዳ፣ አዘዞ። ሦስት ሰዓት ገደማ ጎንደር ስንገባ ባትሪው 36 በመቶ ላይ ነበር።

ያልገጠመው ሶኬት

እኔ እናቴን ይዤ ወደ ሐኪሙ ገባሁ። ወንድሜ ፈጣን ቻርጀር አለ ወደተባልነው ቦታ ሄደ። ቻርጀሩ በእርግጥ አለ፤ ይሠራልም። ነገር ግን አፉ ከመኪናችን አፍ ጋር አልገጠመም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የሚጠቀሙበት የፈጣን ቻርጀር አፍ አንድ ዓይነት ነው፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ ሌላ ዓይነት። ወደ አገራችን ሁለቱም ይገባሉ። ውሃው ሞልቶ ሳለ እንስራህ የጉድጓዱን አፍ አልፎ አልወርድ ሲል እንደማለት ነው። በስልክ «አለ ወይ?» ብለን ጠይቀን ነበር፤ «የየትኛው ዓይነት?» ብለን አልጠየቅንም። ጥፋቱ የእኛው ነው።

ወንድሜ ከዚያ ወጥቶ ግቢ ያለው ማደሪያ ሲፈልግ አንድ ሰዓት ተኩል ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ደግ ዘበኛ አለቃውን አስፈቅዶ ከጓሮ ሶኬት አሰካው። ጊዜው አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ነበር።

እናታችን ምርመራዋን ጨረሰች። የዓይን ሞራ መሆኑ ተረጋገጠ፤ በቀዶ ሕክምና ይነሳል ተባለና ሌላ ቀጠሮ ተሰጣት። የዓይኗን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለተደረገላት ብርሃን አላስችላት አለ፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ እየመራሁ ወሰድኳት። በዚያው ግቢ ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን ዙህርንና ዐስርን እንደ መንገደኛ አሳጥረንና አጣምረን ሰገድን፤ ምሳም በላን።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪው 52 በመቶ ደረሰ። እስከ ሐሙሲት በተለመደው አነዳድ የሚያስፈልገን 53 በመቶ ያህል ነው። ሌላ ሁለት ሰዓት ብንጠብቅ እንደልባችን እንሄዳለን፤ ግን መንገድ ላይ ይመሽብናል። ጎንደር እንዳናድር ደግሞ እናታችን «ቤቴ ልግባ» አለች። ስለዚህ ተነሳን።

ወረታ ላይ የተደረገ ምክር

ወንድሜ በ60 ነዳ። ፍጥነት ሲጨምር አየሩ የሚፈጥረው ተቃውሞ ከፍጥነቱ ይበልጥ እጥፍ ድርብ ስለሚያድግ በዝግታ መሄድ የባትሪ ስንቅ ነው። ማቀዝቀዣውን አጠፋን፣ መስኮት በጥቂቱ ከፈትን። ሚኒባሶች እየጮኹብን ያልፉናል። ከአዲስ ዘመን በላይ ያለውን ቁልቁለት ስንወርድ ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር አየንና ሁላችንም «አልሐምዱሊላህ» አልን። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወረታ ደረስን። ባትሪው 11 በመቶ ነበር።

እስከ ሐሙሲት 25 ኪሎ ሜትር ይቀራል። የሚያስፈልገው 9 በመቶ ነው። ወንድሜ «እንደርሳለን» አለ። እኔ ደግሞ «ሁለት በመቶ ይዞ መድረስ መድረስ አይደለም» አልኩት። ዝናብ ቢመታን፣ መንገድ ቢዘጋና ብንመለስ፣ ወይም ቁጥሩ ራሱ ትንሽ ቢዋሽ እናታችንን በምሽት ሜዳ ላይ ይዘናት ልንቆም ነው። የቤንዚን መኪና ብትሆን ጀሪካን የያዘ ሰው ይገኛል፤ መብራት ግን በጀሪካን አይመጣም። ተከራከርን፤ ድምፃችንም ከፍ አለ።

በመጨረሻ እናታችን ከኋላ ወንበር ተናገረች፦ «ከብቱ ደክሟል፤ ውሃው እዚህ ነው። እዚሁ እንደር።»

እኔ ቤት አደርን። መኪናዋን ከሶኬት ሰካናት፤ መብራቱም በአላህ ፈቃድ ሌሊቱን ሙሉ ዋለልን። ዓርብ ጠዋት እናታችን ሐሙሲት ቤቷ ገባች፤ ወንድሜም ባሕር ዳር ለጁሙዓ ደረሰ።

ጉድጓዱን ማን ይቆፍር?

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ብዙ አሰብኩበት። በመጽሐፍ የምናውቀው የቁረይሾች የክረምትና የበጋ ጉዞ ሁሉ በማደሪያ ላይ የቆመ ነበር። የኸሊፋ ሃሩን አል-ረሺድ ሚስት ዙበይዳ ለሐጅ ስትሄድ የሑጃጆችን ጥም አይታ ከኩፋ እስከ መካ በተዘረጋው መንገድ ላይ ጉድጓድና የውሃ ማጠራቀሚያ አስቆፈረች። መንገዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ እስከ ዛሬም «የዙበይዳ መንገድ» ተብሎ በስሟ ይጠራል። ዙበይዳ ግመሎቹ ብዙ ውሃ እንዲይዙ አላደረገችም፤ ውሃውን ወደ መንገዱ አመጣችው እንጂ።

የዛሬው ዓለምም የተማረው ይህንኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በዋና ዋና መንገዶቹ ላይ በየ60 ኪሎ ሜትሩ ፈጣን ቻርጀር እንዲኖር በሕግ ደነገገ፤ ተግባራዊነቱም ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በኖርዌይ በ2024 እ.ኤ.አ. ከተሸጡ 100 አዲስ መኪኖች ውስጥ ወደ 89 የሚጠጉት የኤሌክትሪክ ነበሩ። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌብር የሚከፈልበት የፈጣን ቻርጀር ጣቢያ ከፍቷል። ጅምሩ መልካም ነው። ሆኖም የከተማ ሰው ቤቱ ሶኬት አለው፤ ጉድጓዱ አጥብቆ የሚፈለገው በበረሃው ነው።

በእኛ መስመር ብትጠይቁኝ ቦታው ወረታ ነው እላለሁ። ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጎንደር 120 ያህል ናት፤ የወልድያም መንገድ መገንጠያ ናት። ጥንት ነጋዴ በዚህ ሜዳ ዙሪያ የሰፈረበት ምክንያት ዛሬም አለ።

ኃይሉስ ከየት ይመጣል? ከዚሁ ነው! የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ጣቢያ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ የጣናን ውሃ በዋሻ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ጉማራና ርብ ወደ ጣና፣ ጣና ወደ ዓባይ ይፈሳሉ፤ የእኛ ሜዳ ውሃ እዚያ ድረስ ይሠራል። ነገር ግን ኃይል መኖሩና ኃይል ቤት መድረሱ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንድ ባለ 60 ኪሎ ዋት ፈጣን ቻርጀር ሲሠራ 17 ያህል የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ እንደተሰኩ ቁጠሩት። በትንሽ ከተማ አሮጌ ትራንስፎርመር ላይ ይህን ብትጭኑ የጎረቤት እንጀራ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቻርጀሩ ከራሱ ትራንስፎርመርና ከጠነከረ መስመር ጋር መምጣት አለበት። መኪና ያለው ሰው መንገደኛ የሚሆነው የሌለውን እናት ጨለማ ውስጥ ጥሎ መሆን የለበትም።

ለሚጓዝ ቤተሰብ

ከጥፋታችንም ከልምዳችንም የተማርነውን ባጭሩ ላስቀምጥ።

1ኛ. የሻጩን ወረቀት አትመኑ። መኪናችሁ ከከተማ ውጭ በ100 ኪሎ ሜትር የምትበላውን ራሳችሁ መዝግቡ፤ ከዚያም 10፣ በማታውቁት መንገድ ደግሞ 20 በመቶ ለመጠባበቂያ አስቀሩ።

2ኛ. ቻርጀር አለ ስትባሉ አራት ነገር ጠይቁ፦ ዛሬ ይሠራል? አፉ የየትኛው ዓይነት ነው? ስንት ኪሎ ዋት ይሰጣል? መብራት ሲሄድ ጀነሬተር አለው? የምትጠይቁትም ከዚያ በቅርቡ የሞላን ሹፌር ይሁን።

3ኛ. ለእያንዳንዱ ማረፊያ ምትክ ይኑራችሁ። ዕቅዳችሁ በአንድ ሶኬት ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ዕቅድ አይደለም።

4ኛ. በፈጣን ቻርጀር ስትሞሉ 80 በመቶ ሲደርስ ተነሱ። አፈ ጠባብ ቅል ሊሞላ ሲል እንደሚዘገየው ሁሉ ባትሪም ከዚያ በኋላ ይዘገያል፤ ወረፋ የሚጠብቅም አለ።

5ኛ. ከቤት ሶኬት ስትሞሉ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ አትጠቀሙ። ለሰዓታት ሲግል ቀልጦ እሳት ያስነሳል። ሶኬቱ የመሬት ገመድ ያለው ይሁን፤ ለባለ ግቢውም ሒሳቡን ሳይጠይቅ ክፈሉት።

6ኛ. ማረፊያውን ከሰላት፣ ከምሳና ከልጆች ዕረፍት ጋር አገናኙት። ያኔ መጠበቁ የጠፋ ጊዜ አይሆንም።

7ኛ. የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ አጣሩ፤ የመጨረሻው ማረፊያችሁም ከምሽት በፊት የምትደርሱበት ይሁን። ግመልን ማሰርና በአላህ መመካት አብረው የሚሄዱ ናቸው።

ሁለተኛው ጉዞ

የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲደርስ እናታችን ራሷ አቀደችው። ማክሰኞ ወረታ እኔ ዘንድ አደረች፤ መኪናዋም ሞላች። ረቡዕ ረፋድ ላይ ጎንደር ገባን፤ ሶኬቱን አስቀድመን ካስፈቀድንበት ግቢ ሁለት ሌሊት አደርን። ማንም አልቸኮለም፤ ማንም በማንም ላይ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ዓርብ ስንመለስ ባትሪው ከበቂ በላይ ነበር።

ይፋግን ስናልፍ እናታችን ፋሻው በተነሳለት ዓይኗ ሜዳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያም ወደ ርብ እያመለከተች «ውሃው ቀንሷል፤ አባቴ የሚያሰፍረው ከዚያ ዛፍ በታች ነበር» አለችን። ዛፉን እኔም ወንድሜም አላስተዋልነውም ነበር።

አላህ መንገደኛውን ሁሉ በሰላም ያድርሰው፤ መንገዳችንንም ሰላም ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።